ሁለት ሣጥን በአንድ ስም፦ ስለ «ሞደም»፣ «ራውተር» እና «ጌትዌይ» ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

ከጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ ከአሰበ ተፈሪ፣ ተነሥቶ ወደ ገለምሶ የሚጓዝ መንገደኛ በመንገዱ ላይ በደሳን ያገኛል። የከተማዋ ስም በኦሮምኛ የአንድ ዛፍ መጠሪያ ነው፤ ያው ዛፍ በአማርኛ ዶቅማ ይባላል። ይሁን እንጂ አማርኛ ተናጋሪው የከተማዋን ስም ተርጉሞ «ዶቅማ» ሲል አልተሰማም። ይህን በመግቢያችን ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህች ከተማ ይህ ጸሐፊ የሚያውቀው አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለ። በቤቱ ጠረጴዛ ሥር ሁለት ትናንሽ ሣጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢው ውል ሲፈረም ያስረከበው ሲሆን ከግድግዳው የሚመጣው መስመር የሚገባው በእርሱ ነው። ሁለተኛውን የቤቱ ባለቤት ከድሬዳዋ ገዝቶ ያመጣው ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው አንድ አጭር ገመድ ተዘርግቷል፤ ኮምፒዩተሮቹም የደንበኞች የእጅ ስልኮችም የሚገናኙት ከሁለተኛው ጋር ነው። የቤቱ ሠራተኞች ሁለቱንም «ዋይፋይ» ይሏቸዋል። ሲያሻቸው ሁለቱንም «ራውተር»፣ ሲያሻቸው ደግሞ ሁለቱንም «ሞደም» ይላሉ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸበት ዕለት ተማሪዎች በቤቱ ደጅ ተሰልፈው ሳለ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ባለቤቱ ጭሮ ለሚኖር ባለሙያ ዘመዱ ደውሎ ችግሩን አስረዳ። ዘመዱም በስልክ፣ «ራውተሩን ሪሴት አድርጉት» የሚል ምክር ሰጠ። ዘመዱ ሊል የፈለገው፣ ከድሬዳዋ የመጣውን ሣጥን አጥፍታችሁ አብሩት ነበር። በበደሳ የተሰማው ግን ሌላ ነው። ሠራተኛው በመርፌ ጫፍ የአቅራቢውን ሣጥን ትንሽ ቀዳዳ ተጭኖ ቆየ፤ በዚህም ሣጥኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ሁኔታ ተመለሰ፤ ለመስመሩ የተሰጠው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከውስጡ ተሰረዘ። እነዚህ የተጻፉበት የውል ወረቀት በቶሎ ስላልተገኘ ቤቱ ለሦስት ቀናት ያለ ኢንተርኔት ቆየ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ የሰው ስልክ ለምነው ውጤታቸውን አዩ፤ አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ ግን ውጤቷን ሳታውቅ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዚህ ነገር ባለሙያውም ሆነ ሠራተኛው ሊወቀስ የሚገባው አይመስለንም። ሁለቱም የተናገሩትንና የሰሙትን በየራሳቸው አስተሳሰብ በትክክል ፈጽመዋል። ሊመረመር የሚገባው በመካከላቸው ያለፈው ቃል ነው።

እንግዲህ ቃላቱን አንድ በአንድ እንመልከት። «ሞደም» ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ከ«ሞዱሌተር»ና ከ«ዲሞዱሌተር»፣ መጀመሪያ ተቆርጦ የተገጣጠመ ነው። ሥራው የኮምፒዩተሩን ቋንቋ መስመሩ ሊሸከመው ወደሚችለው ምልክት መለወጥ፣ ከመስመሩ የመጣውንም መልሶ ወደ ኮምፒዩተሩ ቋንቋ መመለስ ነው፤ ባጭሩ አስተርጓሚ ነው። «ራውተር» ግን አይተረጉምም። የደረሰውን መልእክት አድራሻ አንብቦ በየትኛው መንገድ መሄድ እንዳለበት ይወስናል፤ መንገድ መሪ ነው። «ጌትዌይ» ከሁለቱ በዓይነቱ የተለየ ቃል ነው፤ የዕቃ ስም ሳይሆን የሹመት ስም ነውና። አንድ መረብ አብቅቶ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ የቆመ ማንኛውም መሣሪያ ጌትዌይ ሊሆን ይችላል። «ዋይፋይ» ደግሞ በቤት ውስጥ ያለ ገመድ የሚያገናኘው የሬዲዮ ሞገድ መጠሪያ ብቻ ነው።

የችግሩ ምንጭ ያለው እዚህ ላይ ነው። አቅራቢው የሚሰጠው ሣጥን በአንድ ቅርፊት ውስጥ አስተርጓሚም፣ መንገድ መሪም፣ ደጅ ጠባቂም፣ የሬዲዮ ማሰራጫም ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ በየትኛውም ስም ብንጠራው አልተሳሳትንም፤ በአንደኛው ብቻ ብንጠራው ደግሞ ሦስት አራተኛውን ትተናል። መስመሩ የብርሃን ገመድ በሆነባቸው ቤቶች ነገሩ ይብሱን ይወሳሰባል፤ በዚያ ያለው ሣጥን የሚመነዝረው የብርሃን ብልጭታን ነው፤ ባለሙያዎቹም ሌላ ስም አላቸው፤ ሕዝቡ ግን «ሞደም» ማለቱን አልተወም።

ሕዝቡን በዚህ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ኢንተርኔት በአገራችን በ1989 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ሲጀምር ሞደም ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ተቀምጦ በስልክ መስመር እየደወለ የሚያገናኝ፣ ከዚህ ሌላ ሥራ ያልነበረው መሣሪያ ነበር። ያን ጊዜ ስሙ እውነት ነበር። ዕቃው ተለወጠ እንጂ ስሙ አልተለወጠም። ይህ ደግሞ ለአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ ሽቦ ነው። ሽቦው ለመነጋገሪያው ዕቃ ስሙን ሰጠ፤ ዛሬ ምንም ሽቦ የሌለውን የእጅ ስልክ «ስልክ» ስንል ማንም አይደናገርም። በጠራራ ፀሐይ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲቆምም «መብራት ጠፋ» እንላለን፤ የጠፋው ግን ኃይሉ ነው። «ዋይፋይ ጠፋ» የሚለው አነጋገር ከዚህ በምን ይለያል? ሰው የሚሰማውንና የሚያየውን ይዞ ሙሉውን አገልግሎት ይሰይማል። ይህ የቋንቋ ሕግ እንጂ የአላዋቂ ስሕተት አይደለም።

ይሁንና በ«መብራት» ላይ ጉዳት ያላደረሰው ይህ ልማድ በ«ዋይፋይ» ላይ ጉዳት ያደረሰበት ምክንያት አለ። በመብራት በኩል ሕዝቡ ሌላ አንድ ቃል በእጁ ይዟል፤ እርሱም «ቆጣሪ» ነው። ቆጣሪ የኪሎዋት መለኪያ ብቻ አይደለም፤ የድንበር ስም ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የመሥሪያ ቤቱ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ መሆኑን ማንም የበደሳ ነዋሪ ያውቃል፤ ለውኃም እንዲሁ ነው። ሰው ቆጣሪ መነካካትን ይፈራል፤ በቤቱ ውስጥ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ግን እንደ ፈቀደ ይለውጣል። በዚያ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ሥር ያለው አንደኛው ሣጥን በጥቅሙ የኢንተርኔት ቆጣሪ ማለት ነው፤ ባይቆጥርም እንኳ ድንበሩ እርሱ ነው። ይህን ድንበር የሚሰይም ቃል ቢኖር ኖሮ ያ ሠራተኛ መርፌውን ወደዚያ ቀዳዳ ባላስጠጋ ነበር። ስለዚህ የቃላት ጥናት ክፍሎች መጠየቅ የሚገባቸው «ራውተር በአማርኛ ምን ይባል?» ብለው አይደለም፤ «የማን የሆነውን ሣጥን በምን እንለየው?» ብለው ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የሙከራ አገልግሎት የጀመረው ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት በ2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አቅራቢው አንድ ብቻ መሆኑ ስለ ቀረ ጥያቄው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። አቅራቢውን የለወጠ ሰው አንደኛውን ሣጥን ይለውጣል፤ ሁለተኛው ግን የራሱ ስለሆነ የቤቱን ስምና የይለፍ ቃል እንደ ያዘ ይቀጥላል። ሰዎች የራሳቸውን ራውተር ከአቅራቢው ሣጥን በስተጀርባ የሚያኖሩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ሌላው የቤቱን የሒሳብ ኮምፒዩተር ከእንግዳ ስልኮች ለመለየት፣ ወይም ሞገዱን ወደ ጓሮ ክፍል ለማድረስ ነው።

ሁለት ሣጥን በተከታታይ ሲቆሙ የሚፈጠረውን ነገር ለማስረዳት የቴክኒክ መጻሕፍት ስለ «አድራሻ ትርጉም» ይናገራሉ። ይህ አገላለጽ ቃል በቃል የተገለበጠ ስለሆነ ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም፤ አድራሻ እንዴት ይተረጎማል? ለእኛ አገር ሰው የሚቀርበው የፖስታ ሣጥን ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሁሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይጻጻፋሉ። ደብዳቤው ወደ ውጭ ሲወጣ መዝገብ ቤቱ ከማን እንደ ወጣ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለ ጉዳዩ ያደርሳል። የአቅራቢው ሣጥን የሚሠራው ይህን ነው። በዓለም ያለው የቀድሞው ዓይነት የኢንተርኔት አድራሻ ከ4.3 ቢሊዮን ስለማይበልጥ ለየዕቃው አንድ አንድ ማደል አልተቻለም፤ ስለዚህ በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31፣ እንዲሁም በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች ለየግቢው የውስጥ ጉዳይ እንዲሆኑ ተለዩ። ከበስተጀርባው ሁለተኛ ራውተር ሲቆም አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት መዝገብ ቤት ኖረው ማለት ነው። ለወጪ ደብዳቤ ችግር የለውም፤ ገጽ መክፈት፣ ውጤት ማየት፣ ገንዘብ ማስተላለፍ ይቻላል። ሳይጠራ ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ ግን ሁለት ጊዜ መመዝገብ ያስቸግረዋል፤ የቡና መጋዘኑን ካሜራ ከሩቅ ሆኖ በቀጥታ ማየት የሚሻ ነጋዴ የሚቸገረው በዚህ ነው። ሁለቱም ሣጥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1.1 የሚለውን ቁጥር ይዘው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሁለት መዝገብ ቤቶች አንድ የክፍል ቁጥር በበራቸው ላይ እንደ ጻፉ ያህል ነው፤ ደብዳቤው የትኛው ዘንድ እንደሚሄድ አያውቅም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የራስን ሣጥን ቁጥር ወደ 192.168.2.1 መለወጥ ይበቃል።

«ድልድይ» የሚለው ቃል ሌላው የተገለበጠ ቃል ነው። የአቅራቢው ሣጥን የመዝገብ ቤትነቱን ሥራ ትቶ የመጣውን ሁሉ ሳይነካ ለሁለተኛው ሣጥን እንዲያቀብል ሲደረግ እንግሊዝኛው ይህን ሁኔታ በድልድይ ይመስለዋል። አማርኛው ሲገለብጠው «የድልድይ ሁኔታ» ሆነ። በአማርኛ ግን ድልድይ ተለያይተው የነበሩትን ማገናኘትን ያመለክታል፤ ያልተገናኘ ነገር እንደሚያገናኝ ይነገረናል፤ እዚህ ላይ ግን ግንኙነቱ አስቀድሞ ነበር፤ የተለወጠው የሣጥኑ ሥልጣን ነው። ደጅ ጠባቂ የነበረው ሹመቱን ለቀቀ። ለዚህ አማርኛ «አሳላፊ» የሚል ጥሩ ቃል አለው፤ በድግስ ቤት ወጡን ከወጥ ቤት ተቀብሎ ለእንግዳ የሚያደርሰው፣ በራሱ ግን ወጡን የማይቀምሰው ነው። «ሣጥኑን አሳላፊ አድርገው» ቢባል የሚሆነውን ነገር በትክክል ይገልጸዋል።

አዲስ ቃል ፈጣሪዎች ሁሉ እንዲህ ስተዋል ለማለት አይደለም። «በይነ መረብ» እና «አውታረ መረብ» የሚሉት ሁለት ስያሜዎች ብዙ ጊዜ ሲነቀፉ ይሰማል፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን ከተሠሩት ሁሉ የተሻሉት ናቸው። አውታር በግእዝ የተወጠረ ገመድ ወይም ጅማት ነው፤ በገና ባለ አሥር አውታር እንደሚባለው። ስለዚህ አውታረ መረብ በገመድ የተያያዘ አንድ መረብ ነው። በይነ ደግሞ «በመካከል» ማለት ነውና በይነ መረብ በመረቦች መካከል ያለው ግንኙነት ይሆናል። የበደሳው ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮች አውታረ መረብ ናቸው፤ ከሣጥኑ ወዲያ ያለው በይነ መረብ ነው። ራውተር የሚቆመው ልክ በሁለቱ ቃላት ድንበር ላይ ነው! ነቀፌታ የሚገባው ቃላቱ ሳይሆኑ አጠቃቀማችን ነው፤ ጋዜጠኛውም አስተማሪውም ሁለቱን እያቀያየረ ስለሚጠቀምባቸው፣ በጥበብ የተሠራው ልዩነት ሳይሠራበት እየጠፋ ነው።

አሁን ወደ በደሳ እንመለስ። ከላይ የተነገረው ነገር ከሆነ በኋላ ባለቤቱ ሁለቱን ሣጥኖች ለሠራተኞቹ ለማስረዳት የተጠቀመው ኦሮምኛን ነው። ስለ አቅራቢው ሣጥን ሲናገር በር ወይም ደጃፍ የሚል ትርጉም ያለውን ቃል፣ ስለ ራሱ ሣጥን ሲናገር ደግሞ መንገድ የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ተናገረ። ሁለቱን ቃላት በፊደላችን ብንጽፋቸው ሁለቱም «ካራ» ይሆናሉ። በአነጋገር ግን አንድ አይደሉም፤ በሩ «ራ» ጠብቆ የሚነገርበት ሲሆን መንገዱ «ራ» ላልቶ የመጨረሻው አናባቢ ረዘም ብሎ የሚነገርበት ነው። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይህን ልዩነት በሆሄ ያሳያል፤ የእኛ ፊደል ግን ማጥበቅንም ማርዘምንም ስለማይመዘግብ ሁለቱን ያዋሕዳል። አማርኛ አንባቢ «ካራ» የሚለውን ሲያይ ደግሞ ሦስተኛ ነገር፣ ቢላዋ፣ ይታየዋል። የእንግሊዝኛው «ጌትዌይ» በርን፣ «ራውተር» መንገድን መሠረት አድርገው የተሠሩ መሆናቸውን ባለቤቱ የሚያውቅ አይመስለንም። ነገር ግን ሳያውቅ በሁለት ተቀራራቢ ቃላት ያንኑ ልዩነት አስቀመጠው። ሠራተኞቹም ከዚያ ወዲህ አልተሳሳቱም።

ይህን የሰማ አንድ የሥራ ባልደረባችን፣ እንግዲያው ቃላቱን ከኦሮምኛ እንዋስ የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። አሳቡ በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም። «ጉዲፈቻ» ከኦሮምኛ ተውሶ የአማርኛ የሕግ ቃል ሆኗል፤ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ውስጥም ቦታውን ይዞ ይገኛል፤ ማንም እንግዳ ነው ብሎ አላወጣውም። በደሳም ዶቅማ ሳትባል ኖራለች። ችግሩ መዋሱ ሳይሆን መጻፉ ነው። ከላይ እንዳየነው «ካራ»ና «ካራ» በወረቀት ላይ አንድ ናቸውና፣ በአፍ የተለዩት ሁለት ሣጥኖች በመመሪያ ጽሑፍ ላይ እንደገና አንድ ስም ይይዛሉ፤ የሸሸነው መደበላለቅ በሌላ በር ይገባል። መዝገበ ቃላት የማጥበቂያ ምልክት ሊያኖር ይችላል፤ የሱቅ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ግን አያኖርም።

ከዚህ ተነሥቶ የዚህ ጸሐፊ አሳብ እንደሚከተለው ነው። «ሞደም» እና «ራውተር» በሕዝቡ አፍ ስለ ገቡ፣ ድምፃቸውም ለአማርኛ ስለማይከብድ፣ እንዳሉ ቢቀመጡ ይሻላል፤ ነገር ግን «ራውተር» የሚለው ባለቤቱ ገዝቶ ላኖረው ሣጥን ብቻ እንዲውል ቢደረግ መልካም ነው። ለአቅራቢው ሣጥን፣ በውስጡ የሚሠራው ሥራ ብዙም ቢሆን፣ «ደጃፍ» የሚለው ይስማማዋል። ደጃፍ የበርን ሳንቃ ሳይሆን የበሩን ቦታ ይሰይማልና፣ መሣሪያው ቢለወጥ፣ ከመዳብ ወደ ብርሃን ገመድ ቢዛወር እንኳ ስሙ አይዋሽም። ቆጣሪ የሚያስተምረንን ድንበርም ይይዛል። ስለ «ሞደም» ብዙ የምንለው የለንም፤ ከጊዜ በኋላ በራሱ የሚጠፋ ይመስለናል።

የበለጠ አስቸኳይ የሆነው ግን የስም ሳይሆን የግሥ ጉዳይ ነው። «ሪሴት» እና «ሪስታርት» በአማርኛ ተናጋሪው ጆሮ አንድ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም በ«ሪ» ይጀምራሉ፤ ሁለቱም «አድርገው» የሚለውን ግሥ ይከተላሉ። የመጀመሪያው ያለውን ሁሉ ይደመስሳል፤ ሁለተኛው ምንም አይደመስስም። ከሁለቱ አንዱ በማንኛውም ዋጋ በአማርኛ መነገር አለበት። «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ማንም ሳያስተምረው ሕዝቡ የሚያውቀው አነጋገር ስለሆነ ለሁለተኛው ተጨማሪ ቃል መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ለመጀመሪያው «ወደ ነበረበት መመለስ» የሚለው በአንዳንድ የእጅ ስልኮች ላይ የሚታይ ቢሆንም አደገኛ አነጋገር ነው፤ የተበላሸ ነገር «ወደ ነበረበት ቢመለስ» ማን ይጠላል? ሰሚው ትላንት ይሠራ ወደነበረበት ሁኔታ የሚመለስለት ይመስለዋል። የሚሆነው ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ባዶ መሆን ነው። ስለዚህ ጉዳቱን በራሱ የሚናገር «መደምሰስ» ወይም «ባዶ ማድረግ» የሚለው ቢመረጥ እንላለን። «ራውተሩን ባዶ አድርጉት» ቢባል ኖሮ ያ ሠራተኛ መርፌ ከማንሣቱ በፊት «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ይህ ጸሐፊ በመጨረሻ ቤቱን በጎበኘበት ጊዜ በሁለቱ ሣጥኖች ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎባቸው አገኘ። በአንደኛው ላይ «የእነሱ — አይነካም»፣ በሁለተኛው ላይ «የእኛ» ይላል። ከ«የእኛ» ሥር ደግሞ በሌላ እጅ «አጥፍቶ ማብራት ብቻ» የሚል ተጨምሯል።